በሱት-ፋን ደጃፍ የደፋሁት አተላ

በመንደራችን የጠዋት ድካም እንዴት እንደሚድን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐኪም ማክ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ይዞ የደም ሥር ሲያዳምጥ ኖሯል፤ እኔ ግን በስድስት ቀን ጨረስኩት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለበዓሉ የጀልባ ውድድር ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር። የሴቶቹን ጀልባ የምታሠለጥነው እትዬ ፉንግ ናት፤ ቀን ዓሣ ትሸጣለች፣ ጠዋት እኛን ትሰድባለች። ከጀልባዋ ፊት በተቀረጸው የዘንዶ ራስ ሥር ተቀምጦ ከበሮ የሚመታው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚያ ቦታ የቀረነው እኔና ሱት-ፋን ነን፤ ሁለታችንም አሥራ አምስት ዓመታችን፣ ቤታችንም ቦዩን ተሻግሮ ፊት ለፊት። ከበሮውን እኔ ከእሷ አስበልጬ እመታለሁ፤ ራሷም ታውቃለች። ችግሩ ልምምዱ ገና ሳይነጋ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መሆኑ ነው። የእትዬ ፉንግ ሕግ ደግሞ አጭር ነው፦ የጀልባዋ ገመድ ከተፈታ በኋላ የመጣ አርፍዷል፤ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ከበሮ አይነካም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ አረፈድኩ።

ሰንፌ አይደለም። ጠዋት ስነቃ ጭንቅላቴ በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ይመስለኛል፤ እግሬም የሌላ ሰው ይሆንብኛል። እማዬ አንሶላውን ትገፍፋለች፣ ትጮኻለች፤ አንድ ቀንማ ዳክዬ አልጋዬ ላይ ለቀቀችብኝ። ዳክዬዋም አብራኝ ተኛች።

በመጨረሻ እየጎተተች ሐኪም ማክ ሱቅ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሦስት ጣቱን እጄ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ልስቅ ስል ነቃ።

«ምላስሽን አውጪ።»

አወጣሁ።

«ተመልከቺ፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለ» አላት እማዬን፣ የሚሸጥ ዕቃ እንደሚያሳይ ሰው። «ሆዷ እርጥበት ይዟል። በረዶ ያለበት ነገር ትጠጣለች?»

«ኧረ አልጠጣም» አልኩ።

«በቀን ሦስት» አለች እማዬ።

«ስንት ሰዓት ትተኛለች?»

«ስልኳ ሲተኛ።»

ከየመሳቢያው ሥሩንም ፍሬውንም ቅርፊቱንም እየዘገነ መዘነና በወረቀት ጠቀለለው። «የመንደሪን ልጣጭ ከቤታችሁ ጨምሩበት፤ የእናንተ ከእኔ ይሻላል። አንቺ ደግሞ በረዶውን ተዪ፣ ማታ እግርሽን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊ፣ በጊዜ ተኚ።»

ልጣጭ ማድረቅ የቤታችን ሥራ ነው፤ እኔም ትምህርቱን ትቼ የገባሁበት እሱ ነው። ሴት ልጅ በተወለደችበት ዓመት የደረቀው ልጣጭ ለሠርጓ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። የእኔም ማሰሮ እንደ እኔው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ግን ከእኔ ይልቅ የሚከበረው እሱ ነው። እማዬ ያን ማሰሮ ከፈተችው።

«ለሠርጌ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«እስከ ምሳ የምትተኛ ሙሽራ ማን ይወስዳል? አሁን ለከበሮው ይሁን» አለችኝ።

መድኃኒቱ የጣመኝ ያለቀ ጊዜ ነው። ተፈልቶ የቀረውን አተላ ግን በእኛ መንደር ዝም ብለው አይጥሉትም፤ መንገድ ላይ ይደፋል፣ አላፊ አግዳሚው ይረግጠዋል፣ ሕመሙም በጫማው ተለጥፎ ይሄዳል። «ድልድዩ ጋ መስቀለኛው ላይ ድፊው፤ የሰው ደጃፍ እንዳይሆን» አለችኝ እማዬ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አሰብኩ። ድካሜ መቼም የሆነ ሰው ጋ መሄዱ ካልቀረ፣ የማላውቀውን ሰው ምን በወጣው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ እግሬን ዘፍዝፌ፣ በረዶም ሳልነካ ገና በሁለት ሰዓት ተኩል እተኛለሁ፤ ማንም ሳይነሣ ካልተነሣሁ ሰው ያየኛላ። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን የማታውን አተላ ይዤ ድልድዩን እሻገርና ሱት-ፋን ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ገልብጬው እመለሳለሁ። ጀልባው ጋ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ሆንኩ። እትዬ ፉንግ ግንባሬን በእጇ ነካችው። «ትኩሳት የለሽም» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሱት-ፋን አረፈደች። በአምስተኛው ቀን ደገመች። እኔ ገመዱ አጠገብ ቆሜ ዘፈን አንጎራጎርኩ።

የዚያኑ ቀን ከልምምድ በኋላ ወንዙ ዳር ተቀምጠን የሩዝ ገንፎ ስንበላ ሱት-ፋን ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ገንፎው በአገጯ ወረደ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን ሳቁ አልወጣም። ያ ድካም የእኔ ነው። ዓመት ሙሉ ስሸከመው ስለኖርኩ የት የት እንደሚጫን አውቃለሁ።

በስድስተኛው ቀን ከበሮው ለማን እንደሚሰጥ ሊነገረን ነው። ሱት-ፋን አንዴ ካረፈደች ከበሮው የእኔ ነው። እኔ ግን በአሥር ሰዓት ተኩል በአተላው ፈንታ መጥረጊያ ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ።

ሱት-ፋን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላለች። እሷም መጥረጊያ ይዛለች።

«ዛሬ አተላ ሳትይዢ መጣሽ?» አለችኝ።

«ልጠርግልሽ ነው።»

«አምስት ቀን ዘግይተሻል።»

ለካ በየቀኑ እኔ ዞር ስል ትወጣ ኖሯል። አያቷ እማማ ሎ ዳክዬዎቹን ሊለቁ ሲወጡ አተላውን ቢረግጡት በድንጋጤ ብቻ እስከ በዓሉ አልጋ ይይዛሉ። ስለዚህ ትጠርጋለች፣ ድንጋዩን ታጥባለች፣ አተላውን መስቀለኛው መንገድ ድረስ ወስዳ ትደፋለች። «ከዚያ ትንሽ ጋደም እላለሁ፤ ትንሹ ይረዝምብኛል» አለች።

«የእኔ ድካም አልያዘሽም ማለት ነው?»

«የያዘኝ ያንቺ ቆሻሻ ነው።»

«እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ልጣጭ መንገድ ላይ የሚደፋ ሌላ ማን አለ? ሽታው ቦዩን ተሻግሮ ይሄዳል። ዳክዬዎቹ እንኳ ቆመው ነው የሚያሸቱት።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለእማማ? እማማ ከሰማች እናትሽ ቤት ሄዳ መንደሩን ትቀውጠዋለች። አንቺም ከጀልባው ትባረሪያለሽ። ከዚያ ማንን አሸንፋለሁ?»

መጥረጊያዬን አንሥቼ ድንጋዩን ልጠርግ ስል የእትዬ ፉንግ ፊሽካ ተሰማ። ለካ ወሬው ሰዓቱን በልቶታል። መጥረጊያችንን እንደያዝን ሮጥን። ስንደርስ እትዬ ፉንግ እጇን ቋጠሮው ላይ አድርጋለች፤ ገመዱ ግን አልተፈታም። ከእግር እስከ ራስ አየችን።

«ጀልባው ይቀዘፋል ወይስ ይጠረጋል?»

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አፌ ቀድሞኝ ሄደ። ከአተላው እስከ ዳክዬዎቹ ሁሉንም ነገርኳት። ልጆቹ እየሳቁ ጀልባዋን ሊገለብጧት ደረሱ። እትዬ ፉንግ ብቻ አልሳቀችም።

«የሱት-ፋን ሁለቱ ማርፈድ ተሰርዟል» አለች። «ያንቺ ላይ ተጨምሯል። ሁለትና ሁለት ስንት ነው?»

«ትምህርት ቶሎ ነው ያቋረጥኩት።»

«አራት ነው። መቅዘፊያ ያዢ።»

እንግዲህ በበዓሉ ቀን እኔ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ከበሮ መቺ ፊቷ ወደ ቀዛፊዎች ስለሆነ መንገዱን ሙሉ ከሱት-ፋን ጋር ተፋጠጥን። በየምቱ ምላሷን ታወጣብኛለች፤ እኔ በንዴት እቀዝፋለሁ፤ ከኋላዬ ያሉት ከእኔ ጋር እኩል ለመሄድ ነፍሳቸው ወጣ። ከስምንት ጀልባ ሁለተኛ ሆንን። እማዬ ከወንዙ ዳር ስሜን ስትጣራ የሰማኋት ከከበሮው በላይ ነው።

ማታ አደባባዩ ላይ ረጅሙ ጠረጴዛ ተዘርግቶ መንደሩ ሁሉ ሲበላ ለሐኪም ማክ አጠገቤ ያለው ቦታ ደረሰው። አሁን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነው የምነሣው፤ ስለዚህ ደረቴን ነፋሁ።

«ሐኪም ማክ፣ የጠዋት ድካም የያዘው ሰው ሲመጣ የእኔን ዘዴ ይንገሩት። መድኃኒቱ ከእርስዎ፣ ዘዴው ከእኔ።»

«ዘዴሽ ምንድን ነው?»

«ከሰው ሁሉ በፊት ተነሥቶ አተላውን መድፋት ነዋ።»

«ከሰው ሁሉ በፊት ለመነሣት ስንት ሰዓት ተኛሽ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

የዓሣውን ጉንጭ ከሳህኔ ላይ በሚበላባቸው ሁለት የቀርከሃ ዘንጎች አንሥቶ አፉ ውስጥ ከተተና አላምጦ ጨረሰ።

«በጊዜ ከተተኛ በጊዜ እንደሚነቃማ» አለ «የእማማ ሎ ዳክዬዎችም ያውቁታል።»