መምህሩ አፉን ከከፈተ

አባቴ የምማረውን ትምህርት ስም አንድም ቀን አስተካክሎ ጠርቶት አያውቅም። «የመዝናኛ አስተዳደርና የመስክ አመራር» ነው የሚባለው። እሱ ግን ለሰው ሲያወራ «ልጄ ሽርሽር ትማራለች» ይላል። የፋብሪካ ፈረቃ ኃላፊ ነው፤ በቀልድ መሃል ቁም ነገር ጣል ማድረግ ያውቅበታል። የመጨረሻውን ዓመት ስጀምር ቁርጡን ነገረኝ፤ ዘንድሮ ካልተመረቅሽ በቃ፣ አክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ አለኝ። አክስቴ የመጋረጃ ጨርቅ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ጨርቅ ስለካ ገና ሳስበው ትንፋሽ ያጥረኛል።

የቀረኝ አንድ ፈተና ነበር፣ የመስክ ፈተናው። እሱን ካለፍኩ አለቀ። ድንኳንና ስንቅ ተሸክመን ተራራ ለተራራ እየተጓዝን እናድራለን፤ በየቀኑ አንዳችን መሪ እንሆናለን፣ የቀረነው ምንም እንደማያውቅ ጎብኚ ሆነን እንከተላለን። መምህሩ ከኋላ ይመጣል፣ አይናገርም። መንገድ ብትስቺ አይናገርም፣ ምሳ ብትረሺ አይናገርም። አፉን የሚከፍተው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከከፈተ ደግሞ የዕለቱ መሪ ወደቀ ማለት ነው። ለዚህ ነው መምህሩን ሐውልቱ የምንለው።

ተረኛ የሆንኩ ዕለት ገና ከጠዋቱ ነገሩ አላማረኝም። ስምንት ተማሪዎች ነን፤ ስምንታችንም ዓመታት ሙሉ መምራት ስንማር የከረምን። መመራት ያስተማረን ሰው የለም። እዚህ እንረፍ ስል አንዱ ማዶ ጥላ አለ ይላል። ካርታ ስዘረጋ አምስት ራስ ይደፋበታል፣ እኔ ራሴ ማየት እስኪያቅተኝ። አንዷ ተረከዟ ተላጠ፤ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ፋሻ ይዞ ተረባረበባት፣ ልጅቷ በመጨረሻ ጫማዋን አንጠልጥላ ሸሸቻቸው። ጎብኚ ናችሁ እኮ ብዬ ለመንኳቸው። ጎብኚም ሐሳብ ይሰጣል አለኝ ካፒቴን።

ካፒቴን ያልነው ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለመጣ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ገና ሲያስል ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ያንኑ ነገር እኔ ከእሱ በፊት ተናግሬው ቢሆን እንኳ ሰሚ የለኝም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፣ ምን አስደበቀኝ።

ከሰዓት ወንዙ ጋ ደረስን። በደህና ቀን ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ የሚያልፉት ወንዝ ነው። ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍ እየነዳ ይወርዳል፤ መረገጫ ድንጋዮቹ የሉም። አላንገራገርኩም። ዞረን በድልድዩ እንሄዳለን አልኩ። ድልድዩ ሩቅ ነው፣ ሰዉም ደክሞታል፤ ወዲያው ማጉረምረም ተጀመረ። ካፒቴን ውሃው ከጉልበት አያልፍም፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን እንሻገራለን፣ ታዲያ የተማርነው ለምኑ ነው አለ። አይሆንም አልኩት። እሱ ግን ነገሩን እንደ ጨረሰ ሰው ሱሪውን ሰበሰበና ገባ። ሁለቱ ተከተሉት።

የጀርባ ቦርሳውን የወገብ ቀበቶ እንኳ አልፈታም ነበር። ወንዝ ሲሻገሩ ቀበቶ ይፈታል፤ ብትወድቂ ቦርሳው ይዞሽ እንዳይሰምጥ። ይሄንን ራሱ እኮ ነው አብረን የተማርነው። ቀበቶህን ፍታ፣ ተመለስ እያልኩ ጮህኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ውሃው ጭኑ ላይ ደረሰ፣ ከኋላው ያለችው ልጅ ተንገዳገደች።

ዞር ብዬ ሐውልቱን አየሁት። ውሃው ዳር ደርሶ ቆሟል፣ ከንፈሩ ግጥም እንዳለ ነው። ገባኝ። የእኔን ዓመት በአንድ ቃል ላለማቃጠል ብሎ ትንሽ እየታገሠ ነው። የአክስቴ ሱቅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፣ መጋረጃው ሁሉ። ደግሞ ያቺ ልጅ ተንገዳገደች።

«መምህር፣ ይናገሩ» አልኩት። አየኝ። «እኔን አይሰሙኝም። እባክዎ ይናገሩ።»

«ውጡ» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ሦስቱም ዞረው ወጡ።

አንጀቴ ያረረው ያኔ ነው። እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህኩትን እሱ በአንዲት ቃል። በድልድዩ ስንዞር ሁሉም ጨዋ ሆነው አረፉት፤ መሪ ውሃ እንጠጣ ወይ፣ መሪ እንረፍ ወይ ይሉኛል። አሁን ምን ያደርግልኛል? በነጋታው የካፒቴን ተራ ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። እኔም እንደ ደንቡ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ተከተልኩት። አለፈ።

ስንመለስ ሐውልቱ ቢሮው ጠራኝ። ጠባብ ክፍል ናት፣ ግማሹን የገመድ ጥቅልና ለመድረቅ የተሰቀለ ድንኳን ይዞታል። ወድቀሻል አለኝ፣ ዓይኔን እያየ።

«ባልጠይቅዎ ኖሮ ይናገሩ ነበር?» አልኩት።

«እናገር ነበር።»

«ያው እወድቅ ነበር ማለት ነው።»

«ያው ትወድቂ ነበር።»

«እኔም እርስዎም ዝም ብለን፣ እነሱም በዕድል ቢሻገሩስ?»

«ታልፊ ነበር» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ግን ምን ይደረጋል፣ ደንቡን እሱ አላወጣውም። በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ፤ ካላላጋሁት ኋላ ይቆጨኛል ብዬ ተመልሼ ከፈትኩና በኃይል አላጋሁት።

ለአባቴ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበር፣ ከኋላው ማሽን ይጮሃል። ሰላምታውን ሳላስጨርሰው ወደቅሁ አልኩት።

«ምነው፣ ሰው ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም። አንድ ሰው እንኳ አልተቧጨረም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የወደቅሽው?»

ላስረዳው ሞከርኩ፤ ስለ ደንቡ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ቀበቶው። መሃል ላይ እንባዬ መጣ፣ የንዴት እንባ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ግን ያው አባቴ ነው፣ ቃሉን አልረሳም። አክስቴ ቦታውን ይዛልኝ እየጠበቀች እንደሆነ፣ ሰኞ መጀመር እንደምችል ነገረኝ።

«ምን ልበላት?» አለ።

ለከርሞ እንደገና ብፈተን ያው ወንዝ ነው። ሐውልቱም ከኋላዬ ነው፣ ከፊቴም ሌላ ሰባት መሪ። እያንዳንዳቸውን ከወዲሁ ጠላኋቸው።

«ሌላ ሰው ትፈልግ በላት» አልኩት።