የእትዬ እናትአለም ምስክር

እትዬ እናትአለም ጅግጅጋ ውስጥ ፉል የሚሸጡበት ትንሽ ቁርስ ቤት ነበራቸው። ከማረፋቸው በፊት ቤቱን ለሂቦ ተናዘዙ። ሂቦ ከልጅነቷ ጀምሮ አብራቸው የሠራች፣ በመጨረሻም ያስታመመቻቸው ልጅ ናት። ከአዳማ የመጣው የእህታቸው ልጅ ደበሌ ግን «አክስቴ በጠና ታማ ነበር፤ ኑዛዜው አልተነበበላትም» ብሎ ተቃወመ። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ አይጸናም። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ባህሩ።

መጥሪያው ሲደርሰኝ ደስ አለኝ ብል ነውር ነው፤ ግን ደስ አለኝ። መንግሥት ሐሳቤን ጠይቆኝ አያውቅማ! የሠርጌን ሱፍ አወጣሁና ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ቆለፍኩት። አነጋገሬንም መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ።

ችሎቱ በሶማሊኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ቆመልኝ። ማልኩ።

«ኑዛዜው ሲነበብ ሁላችሁም ነበራችሁ?» አሉ ዳኛዋ።

«ነበርን፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ኑዛዜውን የጻፈው ራፖር ጸሐፊ አነበበ፤ እትዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።»

ምናለ እዚህ ላይ ባቆም! የደበሌ ጠበቃ «በንባቡ መሀል የተናገረ ሰው ነበር?» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ። «ማንም ትንፍሽ አላለም!»

ቃሌን ጨርሼ እንደተቀመጥኩ ልብስ ሰፊው ጁነይድ ተጠራ። ያው ጥያቄ ቀረበለት።

«ባህሩ አቋረጠ» አለ ጁነይድ። «እትዬም ተቆጡት።»

የቀሩት ሁለቱም እንደዚያው አሉ። ጠበቃው ብድግ አለ። «ምስክሮቹ ተጋጭተዋል! ሁሉም አብረው አልነበሩም ማለት ነው።» ሂቦ ዞር ብላ አየችኝ። ሱፉ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ።

ዳኛዋ ሌሎቹን ምስክሮች አስወጥተው እኔን መልሰው ጠሩኝ። «ምን ተባባላችሁ?»

«ቤቱ ለሂቦ፣ ፍሪጁ ለዕድሩ እየተባለ ሲነበብ፣ እኔ ተረሳሁ ብዬ… "የኔ ስም የቱ ጋ ነው?" አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«"የጠራሁህ እንድትሰማ ነው እንጂ እንድትወርሰኝ አይደለም። ፉሌን እንደሆን በቁሜ ወርሰኸዋል" አሉኝ።»

አማርኛ የሚሰማው ሁሉ ሳቀ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «"በቁሜ" ያሉትን ቢያብራሩልኝ» አለ። በሕይወት ሳሉ ፉላቸውን በዱቤ በልቼ አለመክፈሌን፣ የተሰደብኩትን ስድብ ራሴው አስረዳሁት። በሶማሊኛ ሲናገረው ደግሞ የቀረው ሰው ሳቀ።

«ለምን ደበቁ?» አሉ ዳኛዋ ሳይስቁ።

«አፍሬ ነው።»

«ምሎ መደበቅ እስር ቤት ያስገባል። ያፈሩት በዚያ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።»

ሌሎቹ ምስክሮች አንድ በአንድ እየገቡ ተጠየቁ። ቃል በቃል ያንኑ መለሱ፤ ለካስ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ዳኛዋም ተናዛዧ ንባቡን እየተከተሉ፣ በሙሉ አእምሯቸው እንደነበሩ ተረጋግጧል ብለው ኑዛዜውን አጸኑት።

በሩ ላይ ደበሌ ጠበቀኝ። ሊጣላኝ መስሎኝ ጁነይድ ጀርባ ተጠጋሁ። እሱ ግን እጁን ዘረጋልኝ።

«አክስቴን ሰማኋት» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እንደሷ የሚናገር የለም። ይግባኝ አልልም።»

እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሂቦም መጥታ አጠገባችን ቆመች።