የሚቆረጥም ውሃ

አጎቷ የካቻቢቴውን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ሲያዳምጥ ኖሯል። ብረቱ የፓምፑን የሆድ ነገር ያመጣለታል፤ እሱ ደግሞ የሰማውን ለማንም አያማክርም። ከአፍታ በኋላ ቀና አለ።

«ሰላም ነው!»

መሐንዲሷ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ካቻቢቴ አላስፈለጋትም። ከሞተሩ ጉምጉምታ በላይ፣ አፉን ጠጠር ሞልቶ የሚቆረጥም ሰው ያለ ይመስል ደረቅና ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ከፍታው ላይ ካሉት ሰፈሮች ውሃ የጠፋበት ምክንያት ይኸው ነበር። ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲልኳት ኃላፊው፣ «ምክንያቱን ብቻ አይደለም፣ ያጠፋውንም ሰው እፈልጋለሁ» ብሏታል።

አጭርና ድንቡሽ በመሆኑ «ብሎን» የሚሉት መካኒክ ዓይኗን ሸሽቶ ወለሉን አየ።

«አንተም ትሰማው ነበር?» አለችው በዝግታ።

«ጋሼ ሰላም ነው ካሉ ማን ነው ጦርነት ነው የሚል?» አለ፤ ድምፁንም ዝቅ ማድረግ አላስፈለገውም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

መዝገቡን ገለጠችው። በአጎቷ ውብ የእጅ ጽሑፍ፣ በየቀኑ፣ ሁለት ወር ሙሉ፦ ድምፅ ሰላም። ድምፅ ሰላም። ጡረታ ሊወጣ ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀረው። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ደብተሯ ላይ በዚሁ ጽሑፍ ስሟን የጻፈላት እሱ ነው። ጆሮው አይሰማም ብላ ከጻፈች ነገውኑ ከዚህ ክፍል ያወጡታል።

«ይጥፋ» አለች።

«እህ?»

«ፓምፑ ይጥፋ፣ ጋሼ!»

«ሰዉ ምን ሊጠጣ? ደህናውን ፓምፕ ምን በወጣው!»

«አሁንስ መች እየደረሳቸው ነው!»

አጠፋው። ሲያጠፋው ግን ፊቱ የተሰደበ ሰው ፊት ነበር።

ከወንዙ ዳር ያለው የውሃ መሳቢያው ወንፊት በቅጠልና በጭቃ ግማሽ በግማሽ ተደፍኖ አገኙት። በተማረችበት አገር ይህን ነገር በመስታወት ቱቦ ውስጥ አይታዋለች። ፓምፑ የጠማውን ያህል ውሃ ካልደረሰው፣ ውሃው ውስጡ ባለው ሽክርክሪት ክንፎች ጀርባ ሲሮጥ ግፊቱ ይወድቅና ሳይሞቅ ይፈላል፤ ጥቃቅን አረፋ ያበቅላል። አረፋው ትንሽ እልፍ ብሎ ግፊት ሲያገኘው ይፈርጣል፤ በፈረጠም ቁጥር ብረቱን ይቆነጥጠዋል። አንዱ ቁንጥጫ ምንም አይደለም። ሁለት ወር ያለ እረፍት የተቆነጠጠ ብረት ግን ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ማወቋም አድክሟታል።

ሽፋኑን ፈተው ሽክርክሪቱን እስኪያወጡ እኩለ ቀን አለፈ። ብሎን በጨርቅ ጠረገውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የክንፎቹ ፊት ደህና ነው። ጀርባቸው ብል እንደበላው ጨርቅ ተቦዳድሷል፤ አንደኛው እስከ ፊቱ የዘለቀ ቀዳዳ ወጥቶታል።

አጎቷ በጣቶቹ ዳበሰው። ትንሿን ጣቱን በቀዳዳው አሳለፋት።

«እንዲህ ሆኖማ ዝም አይልም» አለ። «ይሄ ይጮኻል።»

ወደ እሷ ዞረ።

«ሰምተሽዋል?»

ራሷን ነቀነቀች።

«የት ሆነሽ?»

በሩን አሳየችው። እሱም ከበሩ እስከ ፓምፑ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካው፤ እንደገናም ለካው።

«እኔ ሳሙና ልፈልግ» ብሎ ብሎን ወጣ።

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ወንፊቱ ተደፍኖ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት አይደለም» አለችው።

«ሁለት ወር ሙሉ ማን ነበር ሲሉሽስ?»

«ድካም እላለሁ። እርጅና... የብረቱን እርጅና።»

«ብረቱን ተይው።» ሽክርክሪቱን ገፋ አደረገው። «ጆሮዬን ጻፊ። አለዚያ ነገ የሚተካውንም ሽክርክሪት አስበላዋለሁ።»

ወረቀቱን አውጥታ ጻፈች። አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱ በትከሻዋ በኩል አነበበውና አንድ ፊደል እንድታስተካክል በጣቱ ጠቆማት።

«አክስትሽ በስተርጅና ጨቅጫቃ ሆነችብኝ፣ ምን ያስጮኻታል እል ነበር» አለ። «አንቺን ደግሞ፣ ሰው አገር ኖራ ድምፅዋ ቀጠነ ብዬ ነበር።»

ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም።

«ራሴን እየነቀነቅሁ ያሳለፍኩት ስንት ይሆን? ከመጣሽ ወዲህ ምን ብለሽኝ ነበር?»

የተመለሰች ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ዘመድ ሁሉ እንደሚያወራው አገሯ ናፍቋት እንዳልመጣች ነግራዋለች። እዚያ በነፋስ የሚዞር አንድ ትልቅ የመብራት ማመንጫ ክንፍ ደህና ነው ብላ ፈርማለች፤ ክንፉ ተሰበረ፤ ከሥሩ ሰው ነበረ። ይህን ስትነግረው ጉልበቷን መታ መታ አድርጎ፣ «እሰይ፣ ጎሽ የኔ ልጅ» ነበር ያላት። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ቃል ይዛው ስትገላበጥ ከርማለች። አንዳንድ ሌሊት ምሕረት ይመስላታል፤ አንዳንድ ሌሊት ንቀት።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከውጭ ብሎን እጁን ሲያሽ የባልዲው ውሃ ይሰማል፤ ለእሷ ብቻ። አጎቷ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ከንፈሯን እያየ ጎንበስ አለ።

«ጮክ በይልኝ» አላት።