በወረቀት አሥራ ሰባት

«ትንሽ ወደ ግራ… ትንሽ… አዎ፣ እዚያ ጋ!» አለ የእግር ኳስ ክለቡ ቡድን መሪ። ለቅሶ ቤት ሳይሆን አዲስ ቢሮ የሚያስጌጥ ይመስል ነበር። ወንበር ላይ የቆመው ሾፌሩ የሟቹን ትልቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ከሟቹ አባት ፎቶ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ።

ለቀስተኛው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። እናትየው ብቻ አላየችም። ልብስ ሰፊዋ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዓይኗን የተከለችው ጥጉ ላይ ባለው የስፌት መኪናዋ ላይ ነው። አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰው ለቅሶዋን መጠበቅ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ሲሆን፣ መዘግየቱን እንደ ነውር ሊቆጥሩባት ዳር ዳር የሚሉም አልጠፉም።

እሷ ግን ገና ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ነበረች።

በሰማንያኛው ደቂቃ ልጇ ተቀይሮ ገባ። የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ጨዋታው። ይህችው ክፍል በዚሁ ጎረቤት ተሞልታ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጣለች። ልጁ ስድስት ደቂቃ ሮጠ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ዳኛው እየሮጠ መጣና «አታስመስል!» በሚል ምልክት ቢጫ ካርድ መዘዘበት። ስታዲየሙ አፏጨ። እሷም ከወንበሯ ሳትነሳ፣ እየሳቀች፣ «ተነስ አንተ ቀጣፊ! ይችን ነገርህን እኔም አውቃታለሁ!» አለች። ልጅ ሆኖ ሱቅ ሲላክ እንዲሁ ነበር የሚዘረረው። ጎረቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ካርዱን ኪሱ ከተተ፤ ልጁ አልተነሳም። ዳኛው ጎንበስ አለ። ከዚያ ፊሽካው ከአፉ ወደቀ።

«ሻይ ልጨምርልሽ?» አላት አንድ ድምፅ። ራሷን ነቀነቀች። ብርጭቆዋ ሙሉ ነበር።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤቷ፣ እውነተኛ ስሟን ሰፈሩ ከረሳው ቆይቶ «ሬዲዮ» የሚላት፣ ሥርጭቷን በሹክሹክታ ጀመረች።

«አባትየው መቼ ነበር የሞተው?»

«ከፎቶው ሥር ተጽፎልሽ የለም እንዴ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪ። «ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመቱ።»

«ልጁስ?»

«ዕድሜው አሥራ ሰባት ይላል።»

ሬዲዮ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አሰልፋ ቆጠረች። «እኔ የማውቀው እርግዝና ዘጠኝ ወር ነው።»

«አንቺ! ለቅሶ ቤት ነው እኮ!»

«ምን አልኩ? ሒሳብ ነው ያወራሁት።»

ሹክሹክታ ከጩኸት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። እናትየው ሰማች። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከመኪናው አንስታ ግድግዳውን አየች። ባሏ የሞተበት ዓመት፤ ከጎኑ ልጇ የተወለደበት ዓመት። ልጁ አባቱ ከተቀበረ በዓመቱ ተወልዶ ቁጭ ብሏል።

ባሏ አናጢ ነበር። የልጁም የመጀመሪያ አሰልጣኝ። ከመኪናዋ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅሞ፣ የራሱ ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቆ ኳስ ሠራለት። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ያቺን ካልሲ መትቶ በቂጡ ሲቀመጥ፣ ሰውየው «ጎል!» ብሎ ጎረቤት ቀሰቀሰ። ከሦስት ወር በኋላ ከጣሪያ ወድቆ ሞተ። መጋዙና ካልሲዋ ቀሩ።

ከልጁ ዕድሜ ሦስት ዓመት የቀነሰው የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ነው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ምርጫው ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ለሆኑ።

«እትዬ፣ ኳስ ውስጥ ሁሉም ሁለት ዕድሜ አለው» አላት። «አንዱ የእናቱ ነው፣ አንዱ የፌዴሬሽኑ።»

«ፂም ያጎነቆለ ልጅ እንዴት ይቀነሳል መምህር?»

«ይላጫላ! ደግሞ ማሊያውን ሰፋ አድርገው ይስፉለት። ውስጡ ሲጠፋ ሕፃን ይመስላል።»

ሰፋችለት። ልጁ ጆንያ ውስጥ የገባ ፌንጣ መሰለ፤ ፌንጣ ተባለ፤ ፌንጣ ሆኖ ከትምህርት ቤት ወደ ወጣት ቡድን፣ ከወጣት ቡድን ወደ ዋንጫ፣ ከዋንጫ ወደ ክለብ ዘለለ። እሷም ውሸቱን ከመልመዷ የተነሣ ባለፈው ልደቱ አሥራ ሰባት ሻማ ገዛች። ልጁ ቆጥሮ፣ «እማ፣ ሦስቱን የት አደረስሻቸው?» ብሎ አቅፏት ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ የመቃብር ድንጋይ ቀራጩ ደብተሩን ይዞ ገባ። «የተወለደበትን ዓመት ብቻ ንገሩኝ። ሌላው አልቋል።»

ቡድን መሪው የክለቡን የልደት ወረቀት ቶሎ ብሎ ዘረጋለት።

«ቆይ» አለች እናትየው።

ቡድን መሪው ጆሮዋ ጋ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ነገሩ ከወጣ ያለፈው ዓመት የወጣቶች ዋንጫ ይነጠቃል። እስቲ እነዚህን ልጆች ይዩዋቸው።» የወጣት ቡድኑ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከጎናቸው የስፖርት መምህሩ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኔ ነው» ይላል።

«አሥራ ሰባት ብዬ ካስቀረጽኩ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ልጄ አባት የለውም። እናንተን ዋንጫ ላሳጣችሁ፣ ወይስ እሱን አባቱን?»

ሬዲዮ ጣቶቿን ከጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

ከልጆቹ መሐል በረኛው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። «እማማ፣ ዋንጫውን ይውሰዱት። እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ነኝ።»

«አፍህን ዝጋ!» አለው አጠገቡ ያለው።

«አንተ ደግሞ ሚስት አለህ!»

አንዱ ልጅ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነበት። ቡድን መሪው በር በሩን እያየ፣ «ስልክ የከፈተ የለም አይደል? የቀረጸ የለም?» ይላል።

ቀራጩ እርሳሱን ላሰ። «ታዲያ ዕድሜው ስንት ይሁን?»

«ሃያ» አለች። «ሁለቱን ዓመት አባቱ አቅፎታል።»

ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ከመሳቢያው ያቺን የትምህርት ቤት ማሊያ አወጣችና ጎንና ጎኑን በምላጭ ተረተረችው። ዳቦ ጋጋሪዋ ሜትር ልታቀብላት እጇን ዘረጋች፤ አልተቀበለቻትም።

«አላስመሰልክም» አለች፣ ለጨርቁ።

ከዚያ ሁለት እጆቿን ባዶ አየር ላይ ከፈተች፤ የአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትከሻ ያህል፣ ያለ ትርፍ፣ በልኩ። እንደዚያ ይዛ ቆየች። ስፋቱን ሳታዛባ፣ ቀስ ብላ፣ እጆቿን ማሊያው ላይ አወረደችና የመጀመሪያዋን ስፒል ሰካች።