ብዕሯ የተቀመጠበት ቦታ

የዓለምወርቅ ደብተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ገልጣ አነበበች። የምትፈልገው ዓረፍተ ነገር የለም። የምስክሩ ቃል ግልባጭ ደግሞ ነገ ጠዋት ለአዲሱ ዳኛ ይቀርባል።

ባለፈው ወር የአዲሱ ገበያ መጋዘን ዘበኛ የነበሩት አቶ ስብሐት ሲመሰክሩ መብራት ጠፍቶ የድምፅ መቅጃው ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት በችሎት ጸሐፊነት የኖረችው የዓለምወርቅ ግን አጭር ጽሕፈት፣ ንግግርን በጭረት ምልክቶች መያዝ፣ ታውቃለች፤ ደብተሯን አውጥታ ቀጠለች። «ተመትቼ ወደቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ይሄ ልጅ አጠገቤ ቆሟል» አሉ፤ ጻፈች። ሽማግሌው ሲያለቅሱ ብዕሯን አስቀመጠች። የሰው ለቅሶ አይጻፍም ብለው ነበር ያስተማሯት። ለቅሶው መሃል ግን «ደግፎ ያነሳኝ እሱ ነው» ብለዋል። ሰማች እንጂ አልጻፈችም። ሳምንት ሳይሞላ አቶ ስብሐት ሞቱ፤ ዳኛውም ተዛወሩ። አሁን ደብተሩ ዘበኛውን በመደብደብ የተከሰሰውን ኖህን እጅ ከፍንጅ የተያዘ ያስመስለዋል።

የኖህ እናት የሺ የጉለሌን ቁልቁለት በእግሯ ወርዳ መጥታ የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ያነሳኝ እሱ ነው ሲሉ ሰምተዋል አይደል? እኔንማ እናቱ ናት ብለው አያምኑኝም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይጻፉታ። አንድ መስመር እኮ ናት። ልጄ እስር ቤት በሰበሰ።»

የዓለምወርቅ «አጠገቤ ቆሟል» የሚለውን መስመር አየች። ከመስመሩ ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ሦስት ጭረት ይበቃል። ብዕሩን አነሳች።

ሬጅስትራሩ ሊሚ አንገቱን በበሩ አስገባ። «እትዬ የዓለምወርቅ፣ ደብተሩም አብሮ ይቅረብ ተብሏል። የሚያመሳክር ባለሙያ ተጠርቷል።»

«እሺ፣ አቀርባለሁ።»

ሄደ። ብዕሩ እጇ ላይ ከበዳት። ዛሬ የተጨመረ ጭረት ከታወቀ፣ በጆሮዋ የሰማችውንም እውነት የሚያምናት አይኖርም። ያን ጊዜ ልጁ በእሷ እጅ አለቀለት ማለት ነው።

ደብተሩን ዘግታ ግልባጩን ወደምትተይብበት ኮምፒውተር ዞረች። ከምስክሩ ቃል ቀጥሎ እንዲህ ጻፈች፦ «እዚህ ላይ ምስክሩ ሲያለቅሱ ጸሐፊዋ መጻፍ አቁማለች። ሳትጽፍ ያለፈችውን ቃል ቀርባ በመሐላ ታስረዳለች።»

የሺ ጠጋ ብላ አነበበች። «ከሥራ አያባርሩዎትም?»

«ያባርሩኝ ይሆናል።»

«ያምኑዎት ይሆን?»

«እኔ እንጃ፣ የሺ። ነይ፣ ተቀመጪ።»

ከጽሑፉ ሥር ስሟን ከነአባቷ ሞላች።