ቀኑ ያለፈ ቲኬት

ሾፌሩና ታላቅ ወንድሙ ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ታላቅየው የአባታቸውን ቤት ሳያማክረው ሸጠ፤ ታናሽየውም «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ብሎ በሩን በላዩ ላይ ወርውሮ ወጣ። ዘመድ አዝማድ ቢለምነው፣ ቢያስለምነው በጄ አላለም።

የሚገናኙት አውቶቡሱ ላይ ብቻ ነበር። በዚያ መሥመር ቲኬት የሚያየው ራሱ ሾፌሩ ነው። ታላቅየው በየጠዋቱ በፊት በር ይገባና የወር ቲኬቱን ዘርግቶ ይቆማል። ሾፌሩ ቀኑን ያያል እንጂ ፊቱን አያይም፤ በአገጩ እለፍ ይለዋል፣ አለቀ።

አንድ ሰኞ ታዲያ ቲኬቱ ጊዜው አልፎ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን «ነገ አሳድስ» ብሎ ያሳልፈው ነበር። የዚያን ዕለት ግን የከረመ ቂሙ ጉሮሮው ድረስ መጣ።

«ይሄ አይሠራም፤ ቀኑ አልፏል።»

ታላቅየው ቲኬቱን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ አገላበጠው። «አልፏል እንዴ?»

«ማንበብ አትችልም? ውረድ፣ ሰው አታስቁም!»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ኧረ እኔ ልክፈልላቸው!» ብትልም ሾፌሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ታላቅየው የበሩን ብረት እየዳበሰ ወረደ።

ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣ። ሾፌሩ «ተገላገልኩ» ቢልም፣ ወንድሙ የሚሳፈርበት ፌርማታ ሲደርስ ግን ተሳፋሪ ሳይኖር ቆም ማለት ጀመረ።

በሁለተኛው ሳምንት የወንድሙ ሴት ልጅ ገባች።

«አጎቴ፣ አባዬ ሆስፒታል ተኝቷል። ስኳሩ ዓይኑን ከጋረደው ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ኩላሊቱ...»

«ዓይኑን?»

«ጽሑፍ ካየ ዓመት ሆኖታል። ሌላው አውቶቡስ እኮ ደጃችን ላይ ነው የሚቆመው። በእሱ ሂድ ስንለው ‹ታዲያ ወንድሜን የት ላገኘው ነው?› ይለናል።»

ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ተሳፋሪው «ኧረ እንሂድ!» እስኪል ድረስ አልነቃም።

ከሥራ እንደወጣ ዩኒፎርሙን ሳይቀይር በረረ። ታላቅየው ራሱን አያውቅም ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለው። ደጋግሞ አለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት፣ የመጣለትን ሁሉ አወራው። ሐሙስ ጠዋት ታላቅየው አረፈ።

ከቀብር መልስ የሟች ሚስት አጠገቡ ተቀመጠች። «አንድም ቀን በክፉ አንሥቶህ አያውቅም» አለችው፣ ልታጽናናው ብላ።

እሱ ግን «ምነው በረገመኝ» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።