ኮሩን እንዳትሻገር

አንዳርጋቸው ጎረቤቴ ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አጥራችን አንድ ነው፤ ሰሊጥ ሲደርስም እርሻው ላይ ጎጇችን ጎን ለጎን ነው። እሱ ያጭዳል፣ ሚስቱ ሐመልማል ለአጫጆቹ ታበስላለች፣ እኔ ሳሙናና ሲጋራ እሸጣለሁ። ለሥራ ሦስት ሰው የሚያህል ጎበዝ ነው። ምክር ሲሰጡት ግን ጆሮው ላይ ዝንብ ያረፈችበት ይመስል እፍ ብሎ ያባርራል።

ያን ዓመት አንድ የማይታወቅ ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ ካምፑ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የአባ እንግዳውን አህያ ከንፈሯ ላይ፣ ቀጥሎ አንዳርጋቸውን ባቱ ላይ ነከሰ። አጫጆቹ ውሻውን በዱላ ገደሉት። እኔ ቁስሉን በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩለት። "እግርህ ከተወለድክ እንዲህ ታጥቦ አያውቅም" ስለው ሳቀ።

ከዚያ አባ እንግዳው መጡ። ከጭልጋ የመጡ፣ ሥር አዋቂ፣ ካምፑ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሥር ቀጥቅጠው በወተት አጠጡት፤ አህያቸውንም ከዚያው ጋቷት።

"እንግዲህ ወንዝ እንዳትሻገር" አሉት። "ከተሻገርክ መድኃኒቱ ከደምህ ይወጣል፤ የውሻው በሽታ ይነሳብሃል።"

ጤና ጣቢያው ያለው ከኮሩ ማዶ ነው። ኮር የምንለው ክረምት ሞልቶ የሚጋልብ፣ በአጨዳ ጊዜ ግን ከጉልበት የማያልፍ ወንዝ ነው።

ዕቃ ላመጣ ስሻገር ለነርሷ ለሰሚያ ነገርኳት። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ነጋዴ ልጅ ናት።

"ያ ዓሚ፣ ሰውየው እንዴት ነው?" አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

"ደህና ነው። ሰሊጥ እያጨደ ነው።"

"ደህና ሳለ ነው የምፈልገው! ይኼ በሽታ አንዴ ከጀመረ ወላሂ እኔም ሐኪሙም ቆመን ከማየት በቀር የምናደርገው የለም። መርፌው አሁን ነው። አምጣው!"

ተመልሼ እማሳው ውስጥ አገኘሁት።

"አሞኛል እንዴ?" አለኝ ማጭዱን ሳያቆም።

"አላመመህም።"

"ታዲያ ለምን ልወጋ?"

"እንዳያምህ።"

"ስድስተኛ ክፍል ደርሰህ ሐኪም ሆንክብኝ? የሚያመኝስ ኮሩን ብሻገር ነው።"

"እሺ፣ ይኼን ሰሊጥ ፍሬው እስኪከፈት ለምን አትጠብቀውም?"

"ይራገፋላ!"

"እሱን ነው የምልህ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ገባው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ "ሰሊጥ ወንዝ አልተከለከለም" ብሎ ጎንበስ አለ።

ሐመልማል ድስቷ አጠገብ ጠብቃኝ ነበር። "ጋሼ፣ በማርያም አትተወው። እኔ ስለምነው 'ልትገድይኝ ነው' ይለኛል" አለችኝ። አልተውኩትም፤ ጧት ማታ ነዘነዝኩት። እሱም አልሰማኝም።

አጨዳው ሳያልቅ አህያዋ ምግብ ተወች። አባ እንግዳው አፏን ፈልቅቀው ደግመው ጋቷት። በማግስቱ ጧት የሷ ባልሆነ ድምፅ እየጮኸች የገዛ ጎኗን በጥርሷ ትዘነጥለው ጀመር። ገመዷን በጥሳ ስትሮጥ አጫጆቹ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ተንጠለጠሉ። ቀትር ላይ ወድቃ ሞተች። ከአጫጆቹ ጎልማሶቹ በእግሯና በጆሮዋ ይዘው ጎትተው ጣሏት።

አንዳርጋቸው ፊቱ አመድ መስሎ ቆመ።

"ያው መድኃኒት ነው የጠጣችው" አለች ሐመልማል ቀስ ብላ።

"እሷ ወንዝ ተሻግራ ይሆናል።"

"የት? ታስራ የከረመች አህያ!"

ያኔ ሁላችንም ወደ አባ እንግዳው ዞርን። ጎጇቸው ጥላ ሥር በጋቢ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሄጄ ለሰላምታ እጄን ስዘረጋ ግራቸውን ሰጡኝ። ሽማግሌ ግራ እጁን ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

"ቀኝዎ ምን ሆነ፣ አባ?"

"ብርድ መትቶኝ ነው።"

"በዚህ ሐሩር? ለእኛስ ምነው ባካፈሉን!"

አልሳቁም። እኔም ሳቄን ዋጥኩት፤ የአህያዋን አፍ የፈለቀቁት በየትኛው እጅ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ተንበረከክሁና በጆሯቸው፣ "አባ፣ እሱ የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነው። ዝም ካሉ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ" አልኳቸው።

ሽማግሌው አንዴ አንዳርጋቸውን አንዴ መሬቱን እያዩ ቆዩና እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። የጣታቸው አንጓ በአህያዋ ጥርስ ተቧጭሯል።

"ከአባቴ የወረስኩት ሥር ነው" አሉ። "የዳኑት መጥተው አመስግነውኛል። የሞቱት ግን መጥተው አልነገሩኝም።"

"ታዲያ ክልክሉስ?" አለ አንዳርጋቸው።

"የከለከልኩህ እኔ። የምቀድምህም እኔ።"

ኮሩ አፋፍ ስንደርስ አባ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። አንዳርጋቸው አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አሳረፈው።

"ግባ!" አለች ሐመልማል ከኋላው። "ካልገባህ እኔው አዝዬህ እሻገራለሁ።"

ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ውሃው ባቱን ሲነካው እየቃተተ፣ የአባን ጋቢ ጫፍ ጨብጦ ተሻገረ። ማዶ ወጥቶ እንኳ አላመነም፤ ባቱን ይዳስስ ነበር።

ሰሚያ የአባን እጅ በሳሙና አጥባ ሁለቱንም ወጋቻቸው። ገና ተመላልሰው እንደሚወጉም ነገረቻቸው። ከዚያ ድንገት ቆም አለችና፣ "ሌላስ? ለሃጯ የነካው፣ እጁ ላይ ቁስል ኖሮት አህያዋን የጎተተ አለ?" አለች።

እርስ በርስ ተያየን። የሰሊጥ አጫጅ ሆኖ እጁ ያልቆሰለ ማን አለ?

"ኩሉሁም!" አለች። "ሁሉንም አምጡልኝ፤ ዛሬውኑ!"

"ክልክሌን ሁሉም ይፈራል፤ እኔ ካልጠራኋቸው አንድም አይሻገርም" አሉ አባ እንግዳው፤ ተነሡ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ኮሩ ላይ ደረስን። ጎልማሶቹ ወሬ ሊሰሙ በካምፑ በኩል ባለው አፋፍ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ወደ ውሃው የቀረበ የለም። አባ ሱሪያቸውን ሊሰበስቡ ጎንበስ ሲሉ አንዳርጋቸው ቀድሟቸው ገባ። መሃል ላይ፣ ውሃው ጉልበቱን እየገፋው ቆመና ማዶ ያሉትን በየስማቸው ይጠራ ጀመር።